ለባልና ሚስት የእርጅና ዝግጅት፦ የሄድንበት የጠበቃ ቢሮ

እኔ 58፣ ባለቤቴ 63 ዓመታችን ነው። ልጅ የለንም። ካቻምና ክረምት እሱ ጉልበቱን ታሞ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ሲውል፣ በእሱ ስም ከተከፈተው ደብተር አምስት ሳንቲም ማውጣት አቅቶኝ ከጎረቤት ተበደርኩ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ነበር። «ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ንብረቱ ለቀሪው ይሁን» የሚል አንድ ወረቀት ጻፈልን፣ ሁለታችንም ፈረምንበት፣ ተመስገን ብለን ገባን። ወረቀቱ ዓመት ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ጠበቃዋ ጋ የሄድነው በጎረቤት ጥቆማ ነው። ወጣት ናት። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችውና «እትዬ፣ ይሄ አይሠራም» አለችኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ላይ ኑዛዜ ቢያደርግ ፈራሽ ነው፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው የሚናዘዙት። ቀጥላ የነገረችን ደግሞ የባሰ ነበር። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የእኔ ነው፣ እሱን ማንም አይነካብኝም፤ የእሱ ግማሽ ግን ልጅ ስለሌለን፣ ወላጆቹም ስላረፉ፣ ወደ ወንድሞቹና እህቶቹ ይሄዳል። ክው አልኩ። አብረን ከፍለን የጨረስነው ኮንዶሚኒየም እኮ ነው! ባለቤቴ ምንም አልተናገረም፣ እጄን ብቻ ያዘኝ።

ስለዚህ ሁለት ኑዛዜ ተጻፈ። አራት ምስክሮች ከእድራችን ይዘን ሄድን። ኑዛዜው በእኛና በምስክሮቹ ፊት ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ ተጻፈ። ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳትዘሉ፤ ብትቀር ኑዛዜውን ታፈርሰዋለች።

ውክልናው ላይም ጥሩ ሠርታለች። ለእህቴ ልጅ ነው የሰጠነው። «ጠቅላላ ውክልና» ሲባል ሁሉን የሚያስችል ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ንብረት ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት መሸጥ ወይም በስማችን መክሰስ ካስፈለገ እያንዳንዱ በግልጽ መጻፍ አለበት። ውክልና ሰጪው አእምሮው ቢታወክና ችሎታ ቢያጣ ምን እንደሚሆንም አጻፈችን፣ ምክንያቱም ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልናው ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቋረጣል። ውልና ማስረጃ ሄደን ጨረስነው።

የጋብቻ የምስክር ወረቀትም እንድናወጣ ልካናለች። የተጋባነው በሽማግሌ ነው፣ ወረቀት አልነበረንም። እሱ ቀድሞኝ ቢያልፍ የጡረታውን ግማሽ የማገኘው ሚስትነቴን በማስረጃ ሳሳይ ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ከሕግ ውጪ የሆነ ጥያቄዋ ነው። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ናችሁ?» አለች። አራተኛ፣ ሊፍት የለውም። «ጋሼ ዳግም ቢታመሙ ማን ነው የሚያወርዳቸው?» እኔና እሱ ተያየን። በክረምቱ ሁለት የሰፈር ልጆች ናቸው በወንበር ተሸክመው ያወረዱት፣ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ እያሳረፉ፣ እሱም እያፈረ። ይህን ለማንም አውርተን አናውቅም ነበር። እሷ ጋ አወራነው።

ቅሬታ አለኝ። ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ተዛወረብን፣ አንዱን ደርሰን ነው የሰማነው። ክፍያውንም ከመጀመሪያው ቁርጥ አድርገው አልነገሩንም፤ ለጡረተኛ ደግሞ ከበድ ይላል። እንድትሄዱ የምመክረው ዋጋውን ቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀብላችሁ ነው። ሆኖም ለሥራዋ ሙሉ ምስጋና አለኝ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ አብራችሁ ሂዱ፣ አንዱ ሰምቶ ለሌላው ሲያወራ የሚጠፋ ነገር አለ።

የባንኩን ደብተርም በሁለታችን ስም አዞርነው፣ አንዳችን ብቻችንን ማውጣት እንድንችል አድርገን። አሁን ቤታችንን በምድር ቤት የሚቀይረን ሰው እየፈለግን ነው።