በቆጂ ሯጭ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን ቲቸር እወቁልኝ

ሰላም የበቆጂ ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው አንድ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ አደራ ስላለኝ አልጽፈውም። ለነገሩ ስሙም አያስፈልግም። "ደብተር የሚያየው ቲቸር" በሉ፣ ልጆቻችሁ ያውቁታል።

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ "ትምህርት በቃኝ" አለን። ሊሮጥ ነው። እዚህ ከተማ ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካመጣች ወዲህ፣ አንዴ እንኳ ሳይሞክር ያደገ የበቆጂ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በ1988 ፋጡማ ሮባ የአትላንታን ማራቶን ወሰደች። በ2000 ደግሞ ኢትዮጵያ ከቤጂንግ ይዛ የተመለሰቻቸው አራቱም ወርቆች የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ። ሁለቱም 5 ሺህንም 10 ሺህንም ጠቅልለው ገቡ። ሁለቱም የእኛው ናቸው። እንግዲህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በገብስ ማሳ መሀል ሲሮጥ ያደገ ልጅ "እኔስ ከማን አንሳለሁ?" ቢል ማን ይፈርድበታል?

ወንድሜ ደግሞ ተከራካሪ ነው። መጀመሪያ ጥሩነሽን ጠራብኝ። እውነት ነው፣ ጥሩነሽ አዲስ አበባ የሄደችው ልትማር ነበር። ምዝገባው አለፋትና ማረሚያ ቤቶች ስፖርት ክለብ ገባች። "አየሽ፣ በሰዓቱ ተመዝግባ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቃት ነበር?" ይለኛል። ቀጥሎ ፈተናውን አመጣ። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። "ታዲያ ቁማሩ የትኛው ነው?" አለ። መልስ አጣሁ።

በዚህ መሀል አንድ ሰውዬ መጣ። አዲስ አበባ ክለብ አስገባዋለሁ አለ፣ ከእናታችን ብር ተቀበለ፣ ስልኩን አጠፋ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ደሜ ይፈላል።

እናታችን ቲቸር ጋ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እኔም ወንድሜን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ሜዳው ዳር ሳሩ ላይ ደብተሮች ተደርድረዋል። ነፋስ እንዳይገልጣቸው በየአንዳንዱ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ልጆቹ ያሟሙቃሉ፣ ቲቸር ቁጢጥ ብሎ በስልኩ መብራት ደብተር ይገልጣል። አንገቱ ላይ ያለችው የሩጫ ሰዓት ማንጠልጠያዋ ተበጥሶ በጫማ ክር ተቀጥላለች።

ሕጉ አንድ ነው፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ አይሮጥም። እዚያው ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ጓደኞቹ በፊቱ እየዞሩ። ለሚሮጥ ልጅ ከዚህ የባሰ ቅጣት አይገኝም። ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ መሮጡም ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ እንደሆነ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቲቸር ደብተር ረሳሁ የሚል ልጅ ሲመጣ "ኃይሌ ደብተሩን ሳይጥል ነው የቀደማቸው" ብሎ ያሾፍበታል።

ወንድሜን ሲያየው ገና ሰላም ሳይለው "ጫማህን አውልቅ" አለው። ገልብጦ ሶሉን አየ። የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቶ አልቋል። "ጉልበትህን ያምሃል አይደል?" ሲለው ልጁ ክው አለ። ሦስት ወር ሙሉ ሲያመው ለማናችንም አልነገረንም ነበር።

ከዚያ ከቦርሳው አንድ ካኪ ፖስታ አወጣ። ውስጡ በእጅ የተሰመረ ወረቀት ነው። በየዓመቱ ትምህርት ቤቱን ወክለው የሮጡ ልጆች ስም፣ ርቀት፣ የገቡበት ሰዓት። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ አሁን የት እንዳሉ ተጽፏል። እኔ የዋህ ዝነኞቹን ስፈልግ ነበር። አንድም የለም። ነርስ አለ። ሁለት ፖሊሶች አሉ። ክለብ ገብታ፣ እግሯ ተጎድቶ፣ ተመልሳ 12ኛን የጨረሰችና አሁን አስተማሪ የሆነች አለች። ባጃጅ የሚነዳ አለ። በቀይ ምንም ያልተጻፈላቸውም አሉ፣ ብዙ ናቸው። ቲቸር ጣቱን እነሱ ላይ አድርጎ "እነዚህ በ10ኛና በ11ኛ ጥለው የሄዱ ናቸው" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ወንድሜ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆየ። ሁለቱን ያውቃቸዋል፣ የሰፈራችን ልጆች ናቸው።

"ኦሎምፒክ ላይ በአንድ ርቀት ከአንድ አገር ቢበዛ 3 ሰው ነው የሚሰለፈው" አለው ቲቸር። "ሦስቱም ከበቆጂ ይሁኑ እንበል። አንተ ስንተኛ ነህ?" እንዲህ ሲልም አትሩጥ አላለውም። ሦስት ሳምንት ከሩጫ አሳርፎ የጉልበት ማጠንከሪያ ሰጠው፣ መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል ተመዝግቦ እንዲመጣ ነገረው። እኛ ስንት ወር ለምነን ያቃተንን!

ይህች ከተማ ለስፖርት አስተማሪ ባለዕዳ ናት። ደራርቱንም ቀነኒሳንም ጥሩነሽንም በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። እሱን ዓለም አውቆታል፣ ይገባዋልም። የእኛን ቲቸር ግን ከሜዳው ውጭ የሚያውቀው የለም።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ምላሱ ስለታም ነው። ወላጅ ፊት ልጅን ይቆጣል፣ ወላጁንም ይጨምራል። እናታችንን "ለደላላ የሰጠሽውን ብር ለጫማ ብታወጪው ኖሮ ጉልበቱ አይጎዳም ነበር" ብሏት ሁለት ቀን አኩርፋለች። እውነቱን ስለሆነ ነው ያናደዳት።

ዘንድሮ ወንድሜ በዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር 5 ሺህ ሜትር ሮጦ 4ኛ ወጣ። ሜዳሊያ የለም። የ11ኛ ክፍል ካርዱ ላይ አማካይ ውጤቱ 74 ነው። ጉልበቱ አያመውም። አሁንም ሯጭ ነው የምሆነው ይላል፣ ይሁን። ደብተሩ ግን ድንጋይ ተጭኖበት ሜዳው ዳር አለ።

እና ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ "ልሩጥ" ካላችሁ፣ ለማንም ብር ሳትሰጡ በፊት ወደዚህ ሰው ላኩት። ሴት ልጆች ያሏችሁም አትፍሩ፣ ከሚያሠለጥናቸው ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፣ ጨለማው ሳይገፈፍ ብቻቸውን እንዳይመጡ በየሰፈሩ ቡድን አድርጓቸዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ላይ ነው፣ ክፍል ሳይጀመር ይለቃቸዋል። አሮጌውን ጫማ ይዘው ይምጡ፣ አዲስ አትግዙ፣ ማየት የሚፈልገው ያለቀውን ነው። ብር አይቀበልም፣ ለማስገደድም አትሞክሩ። እናታችን ኩርፊያው ሲያልፍላት "ገለቶማ" (በኦሮምኛ አመሰግናለሁ) ልትለው ማር በማሰሮ ይዛለት ሄዳ ነበር። እዚያው ዳቦ አስገዝቶ ለልጆቹ አከፋፈለና ባዶ ማሰሮዋን ይዛ ተመለሰች።