ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ማንን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ግንበኛ፣ የባንክ ገማች ወይስ የራሳችሁ መሐንዲስ

ሰሞኑን ስልኬ ሲጠራ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ቤት አግኝቻለሁ። የምታውቀው ጥሩ ግንበኛ አለ? አንዴ ብቻ አይቶ እንዲነግረኝ።» የማውቀው አለ። ግን ስልኩን አልሰጥም። ለምን እንደማልሰጥ ለአንድ ለአንዱ ከማስረዳ፣ ጽፌው ልገላገል።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ 160 ካሬ ላይ ያረፈ ቪላ በ4 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ገዛሁ። ለደላላ 2 በመቶ፣ 86 ሺህ ብር ከፈልኩ። ቤቱን እንዲያይልኝ ይዤው ለሄድኩት ግንበኛ ደግሞ 1,500 ብርና አንድ ክትፎ። ቤቱን ላሳየኝ 86 ሺህ፣ ቤቱን ላየልኝ 1,500። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ በሩን ከፈተ ዘጋ፣ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። «ይሄ ቤት አይደለም፣ አለት ነው» አለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ወሩ ነሐሴ ነበር። ቤቱ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል። ያኔ ደስ ያለኝ ሽታ ዛሬ የሚሸጥ ቤት ውስጥ ሲያውደኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምኑ ተሸፍኖ ይሆን?» ብዬ ነው።

ጥር ላይ በልጆቹ ክፍል መስኮት ጥግ ፀጉር የምታህል መስመር ወጣች። ሚያዝያ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ትውጥ ጀመር። የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋም አለ። መሐንዲስ የጠራሁት ያኔ ነው። ገብቶ ስንጥቁን አንዴ አየና ወጥቶ ግቢውን ዞረ። «ሴፕቲክ ታንኩ የት ነው?» አለኝ። የፍሳሽ ጉድጓዱ ከልጆቹ ክፍል መሠረት ሁለት ሜትር አይርቅም። ያፈሳል። አፈሩ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው።

ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ የቤቴ ሦስት ጥግ ሲደርቅና ዝቅ ሲል፣ አራተኛው ከሴፕቲኩ እየጠጣ እንዳበጠ ይቀራል። አንድ እግሩ የረዘመ ወንበር በሉት። ግድግዳው ደካማ ቦታው ላይ፣ ማለትም ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ሻጩ ይህን በደንብ ያውቃል። በጄሶ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ፣ አፈሩ በሚያብጥበትና ስንጥቁ አፉን በሚዘጋበት በክረምት ሸጠልኝ።

ሂሳቡ ይኸውና። ሴፕቲኩን ደፍኖ ሌላ ጥግ መሥራት 120 ሺህ። የቤቱን ዙሪያ ቆፍሮ ውኃ ማስወጫና ንጣፍ መሥራት 96 ሺህ። የተነሣውን ወለል አፍርሶ መልሶ መሥራት 84 ሺህ። ልስንና ቀለም 47 ሺህ። ድምሩ 347 ሺህ ብር፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ። ችግሩን በአሥር ደቂቃ ያገኘው መሐንዲስ 6 ሺህ ብር ነው ያስከፈለኝ።

እንግዲህ ወገንተኝነቴን አልደብቅም። የራሳችሁን መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ። ቀሪውን የምጽፈው ሌሎቹ ለምን እንደማይተኩት ለማሳየት ነው።

ግንበኛውን ሙሉ በሙሉ አልንቀውም። ልስኑ በትክክል መያዙን፣ ሴራሚኩ ከሥሩ ባዶ መሆኑን፣ አሸንዳው የት እንደሚያፈስ ከብዙ መሐንዲስ በላይ ያውቃል። የጥገና ዋጋም ከእሱ የሚበልጥ ነጋሪ የለም። የማያየው መሬት ውስጥ ያለውንና ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረውን ነው። ኮለኑ ስንት ፌሮ እንደያዘ፣ መሠረቱ ስንት ፎቅ እንዲሸከም እንደተሠራ አንኳኩቶ አይነግራችሁም። በዚያ ላይ በአፉ ከተናገረው ሌላ በእጃችሁ የሚቀር ነገር የለም። ለሻጭ አሳይታችሁ «ይኸው፣ ይሄን ያህል ቀንስ» የምትሉበት ወረቀት አይሰጣችሁም። ደላላው «እኔ ሰው አለኝ» ብሎ የሚያመጣው ግንበኛ ከሆነማ ጭራሽ አትቁጠሩት። የነገ እንጀራው ያለው ደላላው ጋ ነው፣ እናንተ ጋ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት፣ የባንክ ግምት ነው። «ባንኩ መሐንዲስ ልኮ አስገምቶታል፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» ይሉኛል። ገማቹን የላከው ባንኩ ነው። የሚመልሰውም የባንኩን ጥያቄ ነው፤ ብድሩ ባይመለስ ቤቱ ስንት ያወጣል? ስፋቱን ይለካል፣ የማጠናቀቂያውን ደረጃ ያያል፣ ዕድሜውንና ቦታውን ይመዘግባል፣ አንድ ቁጥር ያወጣል። ስንጥቅ ቢያይ ከቁጥሩ ላይ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ እናንተን ጠርቶ «ሴፕቲኩን እየው» አይላችሁም። እኔ ሰሚት ላይ በባንክ ብድር ነው የገዛሁት። የግምት ተብሎ የከፈልኩት ከራሴ ኪስ ነው፤ ሪፖርቱን ግን በዓይኔ አላየሁትም። ባንኩ ከቤቱ ዋጋ ያነሰ ስላበደረኝ እሱ ምንም አልጎደለበትም። የጎደለው የኔ ድርሻ ነው።

የራስ መሐንዲስ ስላችሁ ግን ማንንም አይደለም። እዚህ ላይም ተሞኝቻለሁ። ለአንድ ጓደኛዬ ቤት በ8 ሺህ ብር «ሙሉ ምርመራ» የሚል ሰው አገኘን። ሪፖርቱ 11 ገጽ፣ ባለ ቀለም ፎቶ፣ ማኅተም ያለበት። ያምራል። ገጽ 4 ላይ «የሕንፃው አራተኛ ወለል ሶሌታ» ይላል። የጓደኛዬ ቤት ቪላ ነው። የሌላ ሰው ሪፖርት ላይ ስምና ፎቶ ቀይሮ ነው የሸጠልን። 8 ሺህ ብር ለፎቶ ኮፒ! ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ራስህ ትመጣለህ ወይስ ልጅ ትልካለህ? ቤቱ ውስጥ ስንት ሰዓት ትቆያለህ? ስሙን ሸፍነህ ድሮ የሠራኸውን አንድ ሪፖርት ታሳየኛለህ? ከሁለት ሰዓት በታች ካለኝ አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሽሚት ሃመር የምትባል፣ ኮንክሪት እየመታች ጥንካሬውን የምትለካ መሣሪያ ይዘው የሚመጡ አሉ። ደንበኛ ፊት ጠቅ ጠቅ ስትል ታስደምማለች። ነገር ግን ልስን ላይ ከመታት የለካው ልስኑን ነው። ኮንክሪቱ እስኪገለጥ መፋቅ አለበት። ያረጀ ኮንክሪት ደግሞ ላዩ ስለሚጠጥር ቁጥሯ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ስለ ፌሮው ደግሞ ምንም አትልም። ዕቃዋ መጥፎ ሆና አይደለም፤ «ሃመር አለኝ» ስላለ ብቻ ዋጋ አትጨምሩለት።

በ2016 የባለቤቴ ወንድም አያት አካባቢ ቤት ሲፈልግ ሦስት መሐንዲስ ጠየቅን። አንዱ 12 ሺህ፣ አንዱ 22 ሺህ፣ አንዱ 45 ሺህ አሉ። ባለ 12 ሺው «ለአንድ ሰዓት» ሲል ቀረ። ባለ 45 ሺው ሌሎች መሣሪያዎች ነበሩት፤ ለመኖሪያ ቤት በዛብን። የ22 ሺው ሰውዬ አራት ሰዓት ቆየ። ከነጫማው ኮርኒስ ላይ ወጣ። የማንሆል ክዳን ሁሉ አስከፈተ። ቧንቧዎቹን በሙሉ ለቅቆ ውኃው በየት እንደሚሄድ ቆሞ ተከታተለ። በውኃ ልክ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ለካ። ከዚያ ሻጩን «የጸደቀው የስትራክቸር ፕላን ይታይ» አለው። ፕላኑ ጂ ፕላስ 1፣ ማለትም ምድርና አንድ ፎቅ ነው። ቤቱ ጂ ፕላስ 2 ነው። ሦስተኛው ወለል በኋላ የተጨመረ ነው። መሠረቱ ያንን እንዲሸከም አልተሠራም። ቤቱ ላይ አንድም ስንጥቅ አልነበረም፤ የኔ ግንበኛ ቢሆን «አለት» ይለው ነበር።

ያንን ቤት ተወው። 22 ሺው «ባከነ» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። ሁለተኛውን ቤት ሲያገኝ ግን ራሱ ነው ለመሐንዲሱ የደወለለት። እዚህኛው ቤት አጥንቱ ደህና ሆኖ ጣሪያው የተሸከመበት ባሕር ዛፍ በምስጥ ተበልቷል፣ መብራቱም ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የደኅንነት ሽቦ የለውም። እነዚህ የሚጠገኑ ናቸው። ከዋጋ ላይ የሚወርዱ ናቸው።

ለዚህኛው ቤት ሰርቬየርም፣ ማለትም መሬት ለኪ ጨመርን፣ 9 ሺህ ብር። ሰርቬየሩ ቤቱን አያይም። የሚያየው ካርታው ላይ ያሉት፣ የቦታውን ጥጎች የሚያመለክቱት የኤክስና የዋይ ቁጥሮች መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር መግጠማቸውን ነው። ይህን በስልካችሁ ልትሞክሩት አትነሡ። አንድ ወዳጄ ሞክሮ ቤቱ ጎረቤት ሰፈር ውስጥ ወጣለትና ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ካርታ አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው የተሠራው፤ ስልክ ደግሞ በሌላ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ይገፋችኋል። ሰርቬየሩ ያንን አስተካክሎ፣ ቶታል ስቴሽን በሚባል መለኪያ መሣሪያ ከሚታወቅ ነጥብ ተነሥቶ ነው የሚለካው።

የተገኘው ይህ ነው። ካርታው 200 ካሬ ይላል። አጥሩ ውስጥ ያለው 223 ካሬ ነው። ትርፉ 23 ካሬ የመንገዱ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ግማሹ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ሻጩ ዋጋ የጠራው ግን በ223 ነው። ኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ መንገድ ዳር ያለ ትርፍ መሬት ምን እንደሚገጥመው ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁም የመንገድ ፕላኑን ጠይቁ፤ ካርታው ንጹሕ ሆኖ ቤቱ የመንገድ መስመር ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ሪፖርት ይዘን ተቀመጥን። ሻጩ 12 ሚሊዮን ብሎ ነበር። በ11 ሚሊዮን 500 ሺህ አለቀ። ሁለት ጊዜ መሐንዲስ 44 ሺህ፣ ሰርቬየር 9 ሺህ፣ በድምሩ 53 ሺህ ብር ወጣ። ከቤቱ ዋጋ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ደላላው 230 ሺህ ወሰደ። ለደላላ ማንም «በዛ» ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ ሳይከራከር ይከፍላል። መሐንዲስ 22 ሺህ ሲል ግን ሰው ሁሉ ራሱን ይይዛል።

ኮንዶሚኒየም ለምትገዙ ሰርቬየር አያስፈልግም። መሐንዲስም ቢሆን ግድግዳ ፈርሶ ክፍል ከተቀላቀለ ወይም ወለል ከተበሳ ብቻ ጥሩት። አለበለዚያ ከበላይ ያለው ጎረቤት ሽንት ቤት የሚያፈስ መሆኑን ጣሪያችሁ ላይ እዩ፣ ከበታች ያለውን ደግሞ አንኳኩታችሁ ጠይቁት። በነጻ ነው፤ እውነቱንም ይነግራችኋል፣ ምክንያቱም የሚንጠባጠበው እሱ ላይ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ታስገርሙኛላችሁ። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ሲገዛ ያለ ኢንስፔክሽን አልፈርምም ብሎ 500 ዶላር ከፈለ። ያው ሰውዬ አዲስ አበባ ላይ በቪዲዮ አይቶ ሊገዛ ነበር። ቪዲዮውን የሚቀርጸው ማን ነው? ደላላው።

«ሻጩ ቅር ይለዋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዱ «አላመንከኝም ማለት ነው?» ይላል። እኔ «ባንክ ጠይቆኝ ነው» እላለሁ። ውሸት ናት፣ ግን ትሠራለች። ፊት ለፊት «መሐንዲስ አላስገባም» ካለ ደግሞ 22 ሺህ ብሬ ሳይወጣ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው። ከተቻለ ጣሪያውን በነሐሴ፣ መሠረቱን በሚያዝያና በግንቦት እዩ። ምንም ሆነ ምን ግን ከቀብድ በፊት ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ራሱ ከሸሸ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከሸሸ እጥፍ ይመልሳል።

ትናንት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደወለ። ለቡ አካባቢ፣ 9 ሚሊዮን። ቀብድ 200 ሺህ ከፍሏል። «አሁን መሐንዲስ ብጠራ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ቢያንስ የሚያጣው 200 ሺህ መሆኑንና 9 ሚሊዮን አለመሆኑን ያውቃል። ጥራ አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት አብሬው እሄዳለሁ። ግንቦት ነው፤ ስንጥቅ ካለ አሁን አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀን።