ለገጣፎ ያለው የልጆች የከበሮ ክፍል፣ ከሦስት ወር በኋላ

መጀመሪያ የማይመቸውን ልናገርና ይውጣልኝ። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። አሥራ ሁለት ሕፃን አንድ ላይ ከበሮ ሲደልቅ ጭንቅላት ያዞራል። ዝናብ ከመጣማ የቲቸሩ ድምፅ አይሰማም፤ አንድ ቅዳሜ በረዶ ጣለና ትምህርቱ ቀርቶ ልጆቹ በረዶ ሲለቅሙ ረፈደ። ቢሮ ላለችው ልጅ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። "እናሠራዋለን" አለች። እስካሁን የለም።

ይኸው ግን የአራተኛውን ወር ከፍያለሁ።

ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆናታል። ከዚህ በፊት መርካቶ ሄጄ በባትሪ የሚሠራ ከበሮ ገዝቼላት ነበር፣ ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ የሚመታ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል። ሁለት ቀን ተጫወተችበትና አልጋ ሥር ገባ። እዚህ ግን ቲቸሩ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ ዓይኗን ሳትነቅል ትከተለዋለች። ለካ ነገሩ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የኪርሽነርና የቶማሴሎ ጥናት አለ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ያሉ ልጆችን አንዴ ከሰው ጋር፣ አንዴ ከሚመታ ማሽን ጋር፣ አንዴ ከድምፅ ማጉያ ጋር ከበሮ አስመቷቸው፣ ምቱን ይበልጥ የጠበቁት ከሰው ጋር ሲመቱ ነው። የመርካቶው ከበሮ ለምን አልጋ ሥር እንደገባ ያኔ ገባኝ።

ሌላው፣ ቲቸሩ አይቸኩልም። የሕፃን የተፈጥሮ ምት ከእኛ ይፈጥናል፣ እኔ ደግሞ ቤት "ቀስ በይ" እያልኩ ስጨቀጭቃት ነበር። እሱ መጀመሪያ የልጁን ፍጥነት ይከተላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ያመጣዋል። የመጀመሪያው ወር እንዳለ ጭብጨባ፣ ጭን መምታትና መሬት መርገጥ ነው። የከበሮ መምቻ ዱላ የለም። "ለጭብጨባ ነው እንዴ የምከፍለው?" ብሎ ያኮረፈ ወላጅ አለ፤ እኔም በሆዴ ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ዕቃው ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የውጭ ነው። ትልቁ ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ልጆቹ ወፍራሙን ድምፅ "አባትየው"፣ ቀጭኑን "ልጅየው" ይሉታል። ለሕፃን ጭን የሚመጥነው ግን ትንሹ ከበሮ፣ አታሞው ነው። ቆዳው እርጥበት ሲይዘው ስለሚላላ ቲቸሩ ከሰል አጠገብ ያሞቀዋል፣ አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያገላብጠው ሳይ ቡና የሚቆላ መስሎኝ ነበር።

የወደድኩት የእንጨት ዛይሎፎኑን ነው፣ የተደረደሩ እንጨቶች በመምቻ እየተመቱ የሚጫወቱት ዕቃ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ ለልጆች ትምህርት ያስለመደው ዓይነት ነው፣ እንጨቶቹ ይነቀላሉ። ቲቸሩ "ፋ" እና "ሲ" የሚባሉትን ድምፆች የሚሰጡትን እንጨቶች አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይከታቸዋል። የቀረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይኼ እኮ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው! በኦርፍ መንገድ እነዚያ ሁለቱ የሚወጡት ልጁ የፈለገውን ቢመታ ድምፁ እንዳይጋጭበት ነው፤ እናቴ ግን ልትወስዳት የመጣች ቀን በር ላይ ቆማ "ይቺ ልጅ ትዝታ ማን አስተማራት?" አለች።

አንድ የተናደድኩበት ነገር አለ። ሃይላንድ ውስጥ ምስር ጨምረው የሚያንሿሹት ዕቃ አለ፣ ክዳኑ በእጅ ብቻ ነበር የተጠመዘዘው። አንዱ ሕፃን ከፍቶ ምስሩን አፉ ውስጥ ሲከት ደረስኩበት። ብናገር በሳምንቱ በፕላስተር ጠቅልለው አመጡት። ፕላስተር ልጅ ይልጠዋል፣ ሙጫ ነው የሚያስፈልገው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካላችሁ እዚህ አታምጡ።

ዋጋው ለአራት ቅዳሜ 2,400 ብር ነው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ሦስት ሰዓት ይባላል፣ ሦስት ከሃያ ይጀመራል። ከአያት በታክሲ፣ ከዚያ በባጃጅ፤ በክረምት ጭቃው አይጣል ነው፣ ቦት አድርጉ።

ለቤት ከበሮ ግዙ ሲሏችሁ አትቸኩሉ። እኛ ባለ አምስት ሊትር ባዶ ጀሪካን ገልብጠን ነው የምንመታው፣ እሷ ታወጣለች እኔ እቀበላለሁ። ችግሩ ውሃ የመጣ ቀን ነው፤ ጀሪካኑ ለውሃ ይፈለጋል፣ እሷም ታኮርፋለች።