የእናቴን መጋረጃ ለሰቀለልን ልጅ ምስጋና፣ ደሴ ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት እናቴ ደውላ አንድ ነገር ነገረችኝና አላስችል አለኝ። አንድ ልጅ አለ፣ መጋረጃ ይሰቅላል። ደሴ ውስጥ ቤቱ መጋረጃ ማሰቀል የፈለገ ሰው እሱን ይጥራ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ ይቺን ብቻ ያዙልኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ሥራዬም እዚያው ነው። እናቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነች። ቀን ቀን የእህቴ ልጅ አብሯት ይውላል፤ ሦስት ዓመቱ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ አልደርስላትም። ደግሞ አየሩ ሌላ ነው። እኔ ቤት መስኮት ከፍቼ እተኛለሁ። እማ ቤት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ ሲቆም ወፍራም መጋረጃ ከሌለ ብርዱ አጥንት ይገባል። ለእሷ መጋረጃ የጌጥ ነገር አይደለም።

የእሷ መጋረጃ ደግሞ ታሪክ አለው። አረንጓዴ ነው። ጨርቁን ገበያ ወጥታ መርጣ በሲንጀሯ ራሷ ነው የሰፋችው። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ጥለን ስንወጣ፣ ከመስኮቱ ላይ አውርዳ ልብሳችንን ቋጠረችበት። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ የመስኮቱ መስታወት የለም፣ ምንጣፉም የለም፣ ብዙ ነገር የለም። መጋረጃው ግን እኛው ጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እማ፣ ሌላ ልግዛልሽ» ስላት «ይሄ እኮ አብሮን ተሰዷል» ትለኛለች። ረመዳን ሊገባ ሲል አውርዳ ታጥበዋለች። ለዒድ ደግሞ ታጥባ ትሰቅለዋለች። ማንም አያስቀራትም።

አሁን ወደ ምሬቱ ልምጣ። ሰውም ቦታም አልጠራም፤ ማንንም ላዋርድ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ግን ሳልናገረው አላልፍም።

የመጀመሪያው ባለሙያ መጣ፣ ቦረቦረ፣ ሰቀለ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በአራተኛው ሌሊት ዘንጉ ከነመጋረጃው፣ ከነልስኑ ተገንድሶ ወረደ። የወደቀበት ቦታ ቀን ቀን ልጁ የሚተኛበት ፍራሽ ነው። ሌሊት በመሆኑ አልሐምዱሊላህ። ስደውልለት «ጥፋቱ የግድግዳው ነው» አለኝ።

ሁለተኛው ቀብድ ተቀብሎ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ስልኩን ያነሳል፣ «ነገ ጠዋት» ይላል፣ ነገ የለም። በመጨረሻ መጥቶ ዘንጉን በረጃጅም ሚስማር መታውና ሚስማሩን አጠፈው። እውነቱን ለመናገር አልወደቀም። ግን አይወርድምም። መጋረጃውን ለማውጣት እላይ ድረስ ወጥቶ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ መፍታት ነው። እማ ማንንም አታስቸግርም። ረመዳን ሊገባ ሲል ወንበር ላይ በርጩማ ደርባ ወጣች። ወደቀች። ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ስልክ የደወለችልኝ ጎረቤታችን ናት፤ ሐረጎን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ጄሶው ሲፈታ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አለ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ግድግዳውን አየና እናቴ ፊት «ይሄ ቤት ፈርሶ ካልተሠራ መጋረጃ አይችልም» አለ። የመምጫውን ተቀብሎ ወጣ። እማ ምንም አልመለሰችም። ማታ ስደውልላት ግን ድምጿ ልክ አልነበረም። ከአባቴ ጋር ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው ያሠሩት ቤት ነው። ከመሰበሯ ይልቅ ይሄ ንግግር ነው እኔን የቆረጠኝ።

ልጁን የጠቆመችን ያችው ጎረቤታችን ናት። አላመንኩም ነበር። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ብሎኝ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መሰላሉን ባጃጅ ላይ አስሮ በር ላይ ቆመ። ጫማውን አወለቀ። መጀመሪያ ያናገረው እኔን አይደለም፣ እናቴን ነው። «እማዬ፣ እንዴት አደሩ? መጋረጃው የቱ ጋ እንዲሆንልዎት ነው የሚፈልጉት?» አላት። ሦስት ሰው ገብቶ ወጥቶ ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም።

ቀጥሎ መሰላል አላወጣም። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ማንኳኳት ጀመረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማል፣ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ደግሞ ያንኳኳል። አንድ ቦታ ሲደርስ ድምጹ ተለወጠ። በጠመኔ ምልክት አደረገ። ለካ እንጨቱን እየፈለገ ነው። «እህቴ፣ ይሄ ሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ነው። ጭቃ ብሎን አይዝም። ብሎኬት መስሏቸው ነው የበሱት። ውስጡ ያለው ቋሚ ግን ገና ጠንካራ ነው፤ ቤቱ ጥሩ ቤት ነው» አለኝ። የመጨረሻዋን ቃል እማ ሰማቻት። ፊቷን ብታዩት!

ከዚያ በኋላ ስለ ብሎኑ ቁጥርና ስለ ፊሸር ብዙ አስረዳኝ፤ አልገባኝም፣ ስለዚህ አልጽፈውም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ከመብሳቱ በፊት ቆጣሪው ጋ ሄዶ መብራቱን አጠፋ። ከመስኮቱ በላይ የመብራት ገመድ በልስኑ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል አለ። ከእሱ በፊት ግድግዳውን የነኩት ሁለቱ ይህን ማድረጋቸውን አላየሁም፤ አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ድሪሉን የሰካው ከጎረቤት መብራት ስቦ ነው። ወረቀት እንደ ኪስ አጥፎ ከሚበሳው ቦታ በታች ለጠፈ፤ አቧራው እዚያ ውስጥ ገባ። እማ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ነበር፤ የሚጠረግ አጣች። ከዚያ ከመስኮቱ በላይ፣ ከቋሚ እስከ ቋሚ፣ ጣውላ አሠረ። ዘንጉን የሚይዙትን ብረቶች ጣውላው ላይ አደረጋቸው። በውሃ ልክ ሦስት ጊዜ ለካ። ሲጨርስ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ተንጠለጠለ። ወላሂ፣ ፍንክች አላለም!

እስካሁን ያለው ሙያ ነው፤ ሙያ ያለው ሰው ሌላም ይኖራል። እኔን ይህን ያስጻፈኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሥራው አልቆ እማ ቡና አፍልታለች። ሲኒውን በግራ እጇ ስትሰጠው አየ። ቀኟ በሻርፗ ስር ነው። «እማዬ፣ እጅዎ ምን ሆነ?» አላት። ነገረችው። ሲኒውን አስቀመጠና ዝም ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ «መጋረጃውን የሚያጥበው ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ እንጂ!» አለች እማ፣ በኩራት። «በሉ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ተመለሰ። በእጁ ባላ ይዟል። ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ፣ ልጡ የተላጠ፣ ቀንዶቹ ላይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ባላ። ዘንጉ የተቀመጠባቸው ብረቶች ከላይ ክፍት ናቸው፤ ለካ ሆን ብሎ ነው። በአንዱ ጫፍ ያለውን የዘንጉን ቆብ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ባላውን ለእማ ሰጣት። መሬት ላይ ቆማ፣ በግራ እጇ፣ የዘንጉን ጫፍ ከስሩ በባላው ቀና አደረገችው። ዘንጉ ከብረቱ ወጣ። ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው። ሌላው ጫፍ እዚያው ተቀምጧል። መጋረጃው ከነቀለበቱ ተንሸራቶ መጥቶ እጇ ላይ ወረደ። ወንበር የለም፣ በርጩማ የለም፣ መሰላል የለም። አረንጓዴውን መጋረጃ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ እንባዬን እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም።

አሁንም አልሄደም። መልሳ እንድትሰቅለው አደረገ። እንደገና አስወረዳት። ሦስት ጊዜ። ስትሳሳት «አብሽሩ እማዬ፣ አይቸኩሉ» ይላታል። የልጅ ያህል ነው የታገሳት።

ሊወጣ ሲል ደግሞ የመጋረጃውን ማሰሪያ ገመድ አየ፤ ታች ድረስ ይንዘላዘል ነበር። አሳጠረውና ልጁ በማይደርስበት ከፍታ መንጠቆ ላይ አደረገው። «ሕጻን አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ድምጽ እንኳን አይሰማም» አለ። ረከቦቱንና የከሰል ምድጃውን ደግሞ ከመስኮቱ ስር አንስቶ ወዲያ ማዶ አስቀመጠልን። ነፋስ ሲገባ የመጋረጃው ጫፍ ፍሙ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስንት ዓመት እዚያው ቡና ስናፈላ ማናችንም አላሰብነውም። እናንተም ዛሬ የቡና ቦታችሁ የት እንደሆነ እዩ፤ በአላህ፣ አሁኑኑ ተነስታችሁ እዩ።

ለባላው ስንት እንደሚሆን ብጠይቀው ተቆጣኝ። «የእናቴ ነው» ብሎ ወጣ። እማ በር ድረስ ሸኝታው ቆማ ዱዓ ስታደርግለት ቆየች። እጁ ይባረክ። የእናቱን ውለታ ይክፈል። ሥራው ይስፋ። እኔም አሜን እላለሁ፤ እናንተም አሜን በሉልኝ።

ወገኖቼ፣ እናት ያላችሁ፣ አያት ያላችሁ፣ ብቻዋን የምትኖር አክስት ያላችሁ፣ ይህን ልጅ ጥሩት። ቤታችሁ ብሎኬትም ይሁን ጭቃ ጥሩት። አዲስ መጋረጃ ባትገዙ እንኳ የተሰቀለውን እንዲያይላችሁ ጥሩት። ስሙንና ስልኩን እዚህ ያላሰፈርኩት ሳላስፈቅደው ስለሆነ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ደውዬለት አገናኛችኋለሁ። ኮምቦልቻም ይወርዳል፣ ጠይቄዋለሁ። እኔ ቤት በመጪው ቅዳሜ ይመጣል። ለበዓል ሰሞን ያሰባችሁ ግን ቀደም በሉ፤ አንድ ሰው ነው፣ ረዳት የለውም፣ ያን ጊዜ አታገኙትም።

ዛሬ ጠዋት እማ ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «መጋረጃውን አውርጄ ዘፍዝፌዋለሁ» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ማን አወረደልሽ?» አልኳት። «ማን ያወርድልኛል? ባላዬ አለ አይደል!»