አደይ አበባዬ ላይ የወጣው ጥቁር መስቀል

የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ተለዋዋጭ ኤንዲ ፊልተር ነው፤ ሌንስ ላይ ገጥመው ሲያዞሩት እየጠቆረ ብርሃን የሚቀንስ መስታወት። ቀለበቱ ላይ «ከ2 እስከ 400» ይላል፤ ብርሃኑን ከግማሽ እስከ 400ኛ እጅ ያወርዳል ማለት ነው። ባሕር ዳር፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ አደይ ፈክቶ ነበር። እኔ ጥርት ያለ ፎቶ አልፈልግም። ካሜራውን ሆን ብዬ ከታች ወደ ላይ ሳንቀሳቅስ፣ አበባው በብሩሽ የተሳለ ይመስል እንዲፈስልኝ ነው የምፈልገው። ለዚህ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መጋረጃ) ቢያንስ ሩብ ሰከንድ ክፍት መቆየት አለበት። በባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ደግሞ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ጠበብ አድርጌ 16 ላይ ባደርግም፣ ሻተሩን ከ1/125 ሰከንድ በላይ ክፍት ማቆየት አልችልም። ብርሃኑን አምስት ጊዜ ግማሽ በግማሽ የሚቀንስልኝ ጥቁር መስታወት ያስፈልገኝ ነበር።

ሩብ ሰከንዱን ሰጠኝ። አበባው ግን ገና ድርቅ ያለ ነው። ወደ 1 ሰከንድ ልውሰደው ብዬ ቀለበቱን ሳዞር፣ ፎቶው መሃል ላይ ኤክስ የመሰለ ጥቁር ጥላ ቁጭ! በመስቀል ሰሞን መስቀል አገኘሁ።

የሸጠልኝን ልጅ በሐሳቤ ስንቴ ተሟገትኩት!

«400 ይላል እኮ!»

«አዎ ጋሼ፣ ግን እስከ መጨረሻው አያዞሩትም።»

ታዲያ ምን ሊያደርግ ተጻፈ? ፊልተሩ ሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት) ተደራርበው የተሠራ ነው። በጣም ሲጠቁር በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጠቁርም። ሌንሱ ሰፊ ሲያሳይ፣ በ18 ሚሊሜትር፣ ይብሳል፤ ሲያቀርብ፣ በ55፣ ይሻላል። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አፉን ምን ያዘው? ቢጫውንም የዛገ ያስመስለዋል። እናቴ ፎቶውን አይታ «አልጫ ነው የደፋህበት?» አለችኝ።

መስታወቱ አልተጫረም፣ ቀለበቱም አልላላም። እሱ ደህና ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን የሚያዝያው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ጣና ዳር ወረድኩ፤ ጃካራንዳው ሐምራዊ ሆኗል። ፊልተሩን ቤት ረስቼዋለሁ። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 16 ላይ ሳደርገው፣ በዚያ ደካማ የንጋት ብርሃን ሻተሩ በራሱ ጊዜ ሩብ ሰከንድ አለኝ። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስተካክለውን የሌንሱን ማረጋጊያ አጠፋሁ። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ካሜራውን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፣ ከተጫንኩም በኋላ አላቆምኩም። የስምንት ወሩ ምርጥ ፎቶዬ እሱ ነው። በነፃ!

ጓደኞቼ «ለምን አትሸጠውም?» ይሉኛል። ብሸጠው የኤክሱን ነገር ልናገር ነው። ከዚያ ማን ይገዛኛል?