የሕንፃ መግቢያ ፍተሻ፦ ማሽኑ ጥሩ፣ አሠራሩ ጎደሎ

ቢሮዬ የሚገኝበት የአዲስ አበባ የንግድ ሕንፃ የመግቢያ ፍተሻውን ለአንድ የጥበቃ ድርጅት ከሰጠ ወዲህ አገልግሎቱ በብዙ መልኩ ተሻሽሏል። ፈታሾቹ ትሑት ናቸው፤ ሰልፉ በጠዋት ግፊያ ሰዓት እንኳ ብዙ አያስቆምም፤ አዲሱ የኤክስሬይ ማሽንም ቦርሳ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ቅሬታዬ ስክሪኑን የሚመለከተው ሠራተኛ እንዲሠራ በተደረገበት ሁኔታ ላይ ነው። አንዱ ተረኛ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሳይቀየር ይቀመጣል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜም የተከለከለ ዕቃ ከፊቱ አያልፍም ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ሥራ በሰው ላይ የሚያስከትለው ነገር ከተጠና ቆይቷል። የእንግሊዝ አየር ኃይል ራዳር ተመልካቾች ጉዳይ ያነሣሣው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ በሰዓት መልክ በተሠራ ሰሌዳ ላይ አንድ አንድ እርምጃ የሚሄድ ዘንግ አልፎ አልፎ ሁለት እርምጃ ሲዘል እንዲያመለክቱ የታዘዙ ሰዎች፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ዝላዩ ይበልጥ እያመለጣቸው እንደሚሄድ አሳይቷል። የእይታ ተመራማሪው ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ ደግሞ ሰዎች በምስል ውስጥ ዕቃ እንዲፈልጉ ባደረጉበትና እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ሙከራ፣ ተፈላጊው ዕቃ ከምስሎቹ በግማሹ ውስጥ ሲኖር ፈላጊዎቹን ያመለጣቸው 7 በመቶ ያህሉ ነበር፤ ከመቶ ምስል በአንዱ ብቻ ሲኖር ግን ወደ 30 በመቶ አሻቀበ። ምክንያቱ የዓይን ድካም ብቻ አይደለም። «የለም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ትክክል ሲሆን፣ ሰው ሳያውቀው ፍለጋውን ቶሎ ማቆም ይለምዳል። ስለዚህ ተረኛውን በስንፍና መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በአውሮፕላን ማረፊያዎች ለዚህ መላ ተበጅቶለታል። ሶፍትዌሩ በእውነተኛ ሻንጣ ምስል ላይ የሐሰት መሣሪያ ምስል በድንገት ይደርብና፣ ፈታሹ ማየቱን ወይም መሳቱን ወዲያው ይነግረዋል፤ ብርቅ የነበረው ነገር በዚህ መንገድ ይዘወተራል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም በመደበኛነት ከ20 ደቂቃ በላይ በተከታታይ ምስል ማየትን ይከለክላል፤ ቀጥሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ ከስክሪኑ መራቅ ግዴታ ነው። የእኛን ሕንፃ የጥበቃ አስተባባሪ ስለዚህ ብጠይቃቸው፣ ማሽኑ ምስል የመደረብ አገልግሎት እንዳለው፣ ነገር ግን ሰልፉን እንዳያዘገይ ተዘግቶ እንደተቀመጠ ነገሩኝ። የተከፈለበትን ዕቃ ዘግቶ ማስቀመጥ፣ ያውም ዋናውን!

ለመስተንግዶና ለፍጥነት ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ ለፍተሻው ጥራት ግን ከሁለት በላይ አልሰጥም። የሕንፃው አስተዳደር ውሉን ሲያድስ ተጨማሪ ማሽን ከመጠየቁ በፊት ተረኞች በየ20 ደቂቃው እንዲቀያየሩና የተዘጋው አገልግሎት እንዲከፈት ቢያስገድድ፣ ለሁለቱም የሚያስፈልገው ሰውና መሣሪያ አሁንም በሩ ላይ አለ።