«ፕላንጅ ኢንቱ» ያስገዛኝ መዝገበ ቃላት

የትርጉም ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ አንዲት ሴት አዲስ ሥራዋን በጉጉት መጀመሯን የሚተርክ ጽሑፍ ደረሰኝ። እንግሊዝኛው «ፕላንጅድ ኢንቱ» ይላል። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት «ሰጠመ» ብሎ ስለመለሰልኝ «አዲሱ ሥራዋ ውስጥ ሰጠመች» ብዬ አስረከብኩ። አርታዒዋ አነበበችውና «ነፍስ ይማር ልበል?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የኮሊንስ ኮቢውልድን የፍሬዛል ቨርብ መዝገበ ቃላት በ700 ብር ገዛሁ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያውን እትም። ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው፣ ግስ እንደ «ኢንቱ» ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ የራሱን ፍቺ ሲይዝ ነው።

ይህ መጽሐፍ ቃልን በቃል አይመነዝርም። ፍቺውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚያስረዳ ማን ምን ውስጥ እንደገባ፣ ወዶ ይሁን ተገፍቶ፣ እዚያው ይታያል። ሰው በራሱ ፈቃድ «ፕላንጅ» ሲያደርግ ሳያመነታ ሥራውን ይጀምራል። ግሱ ተደራጊ ሲሆን ግን አገር ጦርነት ውስጥ፣ ከተማ ጨለማ ውስጥ ይገባል። መብራት ድንገት ሲጠፋ እንግሊዝኛው የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው፤ ለእኛ ሰፈር የተሠራ ይመስላል።

ለተደራጊው «ተዘፈቀ» አለን፤ ዕዳ ውስጥ፣ ጣጣ ውስጥ እንደምንለው። ያስቸገረኝ ሌላው ነው። «ጥልቅ አለች» ብል ሳይጠሯት የሰው ጨዋታ ውስጥ የገባች አስመስላታለሁ። «ተነከረች» ለሻይ ቅጠል፣ «ተዘፈዘፈች» ለባቄላ ነው። በመጨረሻ «ሥራዋን በሙሉ ልቧ ተያያዘችው» ብዬ ውሃውን ከነጭራሹ ተውኩት። አርታዒዋ ምንም አላለችም፤ የእርሷ ዝምታ ምርቃት ነው።

ከሁሉ የወደድኩት መጨረሻው ላይ ያለውን ማውጫ ነው። «ኢንቱ»ን፣ «አፕ»ን፣ «አውት»ን የመሳሰሉትን ጥቃቅን ቃላት እየለየ፣ በሚሰጡት ትርጉም ግሶችን ያሰባስባል። በ«ኢንቱ» ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት አሳልፌያለሁ።

ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ፍቺውን ለመረዳት ራሱ ደህና እንግሊዝኛ ይጠይቃል። አሮጌ ቅጂ የምትገዙ ደግሞ ገጾቹን ቁጠሩ። ሻጩ «አንድም አልጎደለም» ብሎ ቢምልልኝም «ቴክ» ያለበት ገጽ ተገንጥሏል፤ ስንት ፍሬዛል ቨርብ የሚወልድ ግስ! እኔ «ፕላንጅ» መኖሩን ብቻ አይቼ ነበር የከፈልኩት።